«ሕዝብ በዛ» ከማለታችን በፊት፦ የዓለምን ታሪክ በሕዝብ ቁጥር ስናነብ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ የቤት ኪራይ ሲወደድ፣ የባጃጅ ሰልፍ ሲረዝም፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ተማሪ ሲታጨቅ የሚሰጠው ምክንያት ሁሌም አንድ ነው፦ «ሕዝብ በዛ»። ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡናውን ይዞ የተቀመጠው ይለዋል፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ በርበሬ የምትሸጠው ትለዋለች፣ የታሪክ ፈተና የሚጽፈው ተማሪዬም ይለዋል። አውሮፓውያን ወደ አሜሪካ ለምን ጎረፉ? ሕዝብ በዝቶ። አየርላንድ ለምን ተራበች? ሕዝብ በዝቶ። አብዮት ለምን ይፈነዳል? ያው ነው።

መልሱ ፈጽሞ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ማረሙ ቀላል ነበር። ያለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ታሪክ ያለ ሕዝብ ቁጥር ለውጥ አይነገርም። በ1800 ገደማ አንድ ቢሊዮን የነበረው የሰው ልጅ በ1927 ሁለት፣ በ1960 ሦስት፣ በ1999 ስድስት ቢሊዮን ሆነ፤ በኖቬምበር 2022 ስምንት ቢሊዮን ገባ። ነገር ግን ድምሩ ብቻውን የሚያስረዳው ነገር ትንሽ ነው። ማን ሞተ፣ ማን ተረፈ፣ የተረፈው ስንት ዓመቱ ነው፣ ወዴት ሄደ፣ ማንስ ቆጠረው ብሎ ያልጠየቀ ሰው ከታች ካሉት ስህተቶች አንዱ ላይ መውደቁ አይቀርም።

«የ2007 ቆጠራ»

ከትንሿ ልጀምር። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1999 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የውጭ ጽሑፎች 2007 ይሉታል። ተማሪው 2007ን እንደ እኛ ዓመት ያነብና ሳያውቀው ስምንት ዓመት ይዘላል። በፍጥነት ለሚያድግ ከተማ ደግሞ ስምንት ዓመት ቀላል አይደለም፤ ጅማ በ1987 ቆጠራ 89 ሺህ ገደማ ነዋሪ ነበራት፣ በ1999 ወደ 121 ሺህ ደርሳ ነበር። እዚህ ጽሑፍ ላይ የአገር ቤቱን ነገር በኢትዮጵያ፣ የውጭውን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ። ልዩ ሲሆን እናገራለሁ።

«ሕዝብ የበዛው ብዙ ስለሚወለድ ነው»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ጅማ ዙሪያ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ እናት ስንት ወለዱ ተብለው ቢጠየቁ መልሳቸው ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር አለው፦ «አሥር ወልጄ አምስት አደጉልኝ»። ልጃቸው አምስት ወልዳ አምስቱንም አሳድጋ ይሆናል። የወለደችው የእናቷን ግማሽ ነው፤ ያሳደገችው ግን እኩል።

በአገር ደረጃም የሆነው ይኸው ነው። በ1992 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት 67 ሆነ። በዚያው ጊዜ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ከ5.5 ወደ 4.6 ወርዷል። ወሊድ እየቀነሰ ሕዝቡ ግን ጨመረ። ያበዛን ክትባቱ፣ አጎበሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት ማለት ይቻላል፤ ይህ ደግሞ ማንም ሊቆጭበት የማይገባ መብዛት ነው።

የወባን ነገር ለጅማ ሰው መንገር አያስፈልግም፣ የጊቤን ሸለቆ የሚያውቅ ያውቀዋል። የዛሬዋ ስሪላንካ ያኔ ሲሎን ስትባል በ1946 ትንኝ የሚገድል መድኃኒት በየቤቱ መረጨት ተጀመረ። ከሺህ ሰው በዓመት 20 ይሞት የነበረው በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 14 ወረደ። ምግቡም ሐኪሙም ድርሻ ነበራቸው፤ ቢሆንም እንዲህ ያለ ፍጥነት አውሮፓ አይታ አታውቅም። የሲሎን እናቶች በዚያ ዓመት አዲስ ነገር አላደረጉም፤ እንደ ወትሮው ነው የወለዱት።

ስለዚህ የሚታየው ክፍተቱ ነው፦ ሞት ከቀነሰበት ወሊድ እስከሚቀንስበት ያለው ጊዜ። ስዊድን ውስጥ ሞት መቀነስ የጀመረው በ1800 አካባቢ ሲሆን ወሊድ በግልጽ የወረደው ከሰባ፣ ሰማንያ ዓመት በኋላ ነው። በ1800 2.3 ሚሊዮን የነበረው ሕዝቧ በ1900 ወደ 5.1 ሚሊዮን አደገ፤ ያውም ብዙ መቶ ሺህ ሰው ወደ አሜሪካ ሄዶባት። ኢራን በአንጻሩ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ሴት ከስድስት ልጅ በላይ ትወልድ ነበር፤ በሃያ ዓመት ገደማ ወደ ሁለት ወረደ። ክፍተቱ የረዘመበት አገር ታሪክና ያጠረበት አገር ታሪክ አንድ ዓይነት አይሆንም። የመጀመሪያው ሰውን ወደ ውጭ ይልካል፣ ሁለተኛው በአንድ ትውልድ ውስጥ ከልጅ ብዛት ወደ አዛውንት ብዛት ይሸጋገራል።

«ድሮ ሰው በሠላሳ ዓመቱ ይሞት ነበር»

በ1900 የዓለም አማካይ ዕድሜ ከሠላሳ ብዙም አይበልጥም ሲባል ሰው በሠላሳው ይሸብት ነበር ማለት አይደለም። ብዙ ሕፃናት ሲሞቱ አማካዩ ይወርዳል፤ ልጅነትን ያለፈ ግን ሽማግሌ ይሆን ነበር። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1861 ተወልደው፣ በ1878 ነግሠው፣ ሰባ ዓመት አልፏቸው በ1932 ነው ያረፉት። (እነዚህ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ረሃብ የሚመጣው ሕዝብ ሲበዛ ነው»

አየርላንድ በ1841 ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። በ1845 የድንች በሽታ ገባ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰደደ፤ በ1851 የቀረው 6.5 ሚሊዮን ነው። ደሴቲቱ እስከ ዛሬ የ1841ን ቁጥር አልመለሰችም፤ ሰሜኑና ደቡቡ ተደምሮ ሰባት ሚሊዮን ገደማ ነው። እዚህ ላይ «አየህ፣ በዝተው ነው» የሚል ሰው ይመጣል። ግን በ1845 ከአየርላንድ ይልቅ ሕዝቧ ተጠጋግቶ በሚኖርባት ቤልጂየምም ድንቹ ተበላሽቷል። ሰው ሞቶባታል፣ የአየርላንድን ያህል ግን ከቶ አልደረሰም። ልዩነቱ መሬቱ የማን ነው የሚለው ላይ ነበር። አየርላንዳዊው ገበሬ እህሉንና ከብቱን ለባለርስቱ ኪራይ ያወጣል፣ ለራሱ የሚቀረው ድንቹ ነው፤ ሰው እየሞተ እህልና ከብት በመርከብ ወደ እንግሊዝ መጫኑ አልቆመም።

በ1943 ቤንጋል ውስጥ ወደ ሦስት ሚሊዮን ሰው ሲያልቅ ጦርነት፣ የዋጋ ንረትና የቅኝ ገዥው ዝምታ ነበሩ። በ1959–61 ቻይና ውስጥ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው የሞተው ገበሬው እርሻውን ትቶ ብረት እንዲያቀልጥ በታዘዘበት፣ ሹሞች ያልተመረተ ምርት ሪፖርት ባደረጉበት ጊዜ ነው። በአንጻሩ ሕንድ በ1960ዎቹ አጋማሽ መራቧ የማይቀር ነው ሲባል፣ ምርጥ ዘርና መስኖ ገብቶ የስንዴ ምርቷ ከ12 ሚሊዮን ቶን ተነሥቶ በ1970 ሃያ ሚሊዮን ደረሰ።

ወደ ቤታችን እንምጣ። በ1977 ድርቅ ጊዜ የኢትዮጵያ ሕዝብ ከዛሬው ሲሶ አካባቢ ነበር። ያኔም ግን የተሰጠው ማብራሪያ «ሰሜኑ ተጨናንቋል፣ ደቡብ ምዕራቡ ባዶ ነው» የሚል ነበር። በዚህ ስሌት 600 ሺህ ያህል ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተጭኖ ወደ ከፋ፣ ኢሉባቦር፣ ወለጋና ሌሎች ቦታዎች ተወሰደ። ጅማ ያኔ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ደገኛው ወባ የማያውቅ ገላውን ይዞ ቆላ ወረደ፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ የተለያዩበት ብዙ ነው። «ባዶ» የተባለው ደንም የሰው ቡና፣ የሰው ቀፎ፣ የሰው ግጦሽ ነበር። ባዶ መሬት የሚባለው ነገር ካርታ ላይ እንጂ መሬት ላይ ሲገኝ አላየሁም።

ይህን ስል ግን ቁጥር ምንም አያደርግም ወደሚለው ተቃራኒ ጥግ መሄድም ስህተት ነው። ሁለት ሄክታር ቡና ለአምስት ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዱ ግማሽ ሄክታር እንኳ አይደርስም። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል የተነገረው አዲስ መሬት መመንጠር በሚቻልበት ዘመን ነው። ብዛት ጫና ይፈጥራል፤ ጫናው ረሃብ ይሁን፣ ስደት ይሁን፣ የከተማ ሥራ ይሁን የሚወስነው ግን ሌላ ነው።

«ብዛት ኃይል ነው»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ቁም ነገሩ ያለው «ቢያብር» ላይ ነው። በ1901 ወደ አርባ ሚሊዮን ሕዝብ የነበራት ብሪታንያ ሦስት መቶ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕንዳዊ ትገዛ ነበር። ፈረንሳይ በናፖሊዮን ዘመን በምዕራብ አውሮፓ ብዙ ሕዝብ ያላት አገር ነበረች፤ ወሊዷ ከጎረቤቶቿ ቀድሞ ስለቀነሰ በ1914 እሷ አርባ ሚሊዮን ገደማ ስትሆን ጀርመን ከ65 ሚሊዮን አልፋ ነበር። ይህ ፍርሃት የፈረንሳይን ፖለቲካ ለአርባ ዓመት አስጨንቋል፣ ከምዕራብና ከሰሜን አፍሪካ ወታደር እንድትመለምል ገፍቷታል። በ1918 ያሸነፈችው ግን በቁጥር ያነሰችው ፈረንሳይ ከአጋሮቿ ጋር ሆና ነው።

«ወጣት ከበዛ አብዮት ይፈነዳል»

ይህኛው ከድምሩ አልፎ ዕድሜን ስለሚያይ ከሌሎቹ ይሻላል፤ ሆኖም ቸኩሎ ይደመድማል። ደቡብ ኮሪያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በወጣት የተሞላች አገር ነበረች፤ ወጣቱን ትምህርት ቤት አስገብታ ፋብሪካ ጠበቀችው፣ በአንድ ትውልድ ከድህነት ወጣች። ተመሳሳይ የወጣት ብዛት በብዙ የዓረብ አገሮች የተማረ ሥራ አጥ ሆኖ በ2011 አደባባይ ወጣ። የዕድሜው ሠንጠረዥ ተመሳሳይ ሆኖ ሁለት የተለያየ ታሪክ።

የእኛው አገር ነገርማ ይብሳል። በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ የወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአገሩ ሕዝብ ሲመዘኑ እፍኝ አይሞሉም ነበር፤ ጠቅላላ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ጥቂት ሺህ ነው። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ዙፋኑ ሲወድቅ የነሱን ቃል ያላነገበ አልነበረም። እዚህ ላይ የተማረው ወጣት ማነሱ እንጂ መብዛቱ አይደለም የሚገርመው።

ዕድሜ ታሪክን የሚቀርጽበት ሌላም መንገድ አለ፣ እሱም ጉድለት ነው። ሶቪየት ኅብረት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ 27 ሚሊዮን ሰው አጥታለች፤ ከዚህ ብዙው ወንድ ነው። በጦርነቱ ዓመታት ያልተወለዱት ልጆች ከሃያ ዓመት በኋላ ያልተገኙ ወላጆች ሆኑ፤ ስለዚህ በ1960ዎቹ ወሊድ እንደገና ጎደለ፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ እየተመላለሰ። ጥይት ካቆመ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ የመማሪያ ክፍል ባዶ የሚያደርግ ጦርነት ማለት ነው።

«መንግሥት ካዘዘ ሰው ይወልዳል፣ ካዘዘ ያቆማል»

ለዚህ ሩማንያን የሚያህል ምሳሌ የለም። መሪዋ ቻውሼስኩ በ1966 ውርጃን በአዋጅ ከለከለ፣ የወሊድ መከላከያም እንደ ልብ እንዳይገኝ ተደረገ። በዚያ ዓመት 274 ሺህ ገደማ የነበረው ውልደት በ1967 ወደ 528 ሺህ ተወረወረ። ማዋለጃ ክፍሎች ሞሉ፣ ከዚያ መዋዕለ ሕፃናት፣ ከዚያ ትምህርት ቤት። ሴቶቹ ግን መላ አላጡም፤ በጥቂት ዓመታት ወሊዱ ተመልሶ ወረደ። የቀረው በድብቅ ውርጃ የሚሞቱ እናቶች ቁጥር ነው፤ በአውሮፓ ከሁሉ የከፋ ሆነ፣ የሕፃናት ማሳደጊያዎችም በተጣሉ ልጆች ተሞሉ። የ1967 ልጆች ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው በዲሴምበር 1989 ቻውሼስኩ ወደቀ። «ያስወለዳቸው ልጆች ጣሉት» የሚለው ትረካ ጣፋጭ ነው፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት የፖላንድም፣ የሃንጋሪም፣ የምሥራቅ ጀርመንም ሥርዓት ያለ እንዲህ ያለ አዋጅ ወድቋል። ጣፋጭ ትረካ ሲያጋጥም ጎረቤት አገር ምን እንደሆነ ማየት ይጠቅማል።

ቻይና በተመሳሳይ ተሳስቶ ይነበባል። በ1970 አንዲት ቻይናዊት ወደ ስድስት ልጅ ትወልድ ነበር፤ የአንድ ልጅ ደንብ ሊታወጅ ሲል በ1979 ከሦስት በታች ወርዶ ነበር። ትልቁ ቅናሽ ከደንቡ በፊት ነው የመጣው። ደንቡ በ2015 መጨረሻ ቀረ፣ በ2021 ሦስት ልጅ ተፈቀደ፤ ሕዝቧ ግን ከ2022 ጀምሮ መቀነስ ያዘ፣ በ2023 ሕንድ ቀደመቻት። ሕንድም የራሷ ትምህርት አላት፦ በ1976–77 ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሰው፣ ብዙው በግፊትና በማስገደድ፣ እንዳይወልድ ተደረገ። በ1977 ምርጫ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንዲራ ጋንዲ ሥልጣን አጡ፤ የቤተሰብ ዕቅድ የሚለው ነገር ራሱ ለዓመታት ስሙ ጠፋ። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ ውለዱ ብላ ገንዘብ እያፈሰሰች በ2023 በአንዲት ሴት 0.72 ልጅ ላይ ደርሳ ነበር።

«የሚሰደደው የጨነቀው ድሃ ነው»

የዛሬዋ ጅማ ከተማ ሂርማታ ተብላ ገና የአባ ጅፋር ገበያ ሳለች ከጎጃም፣ ከሸዋና ከባሕር ማዶ የመጣ ነጋዴ የሚገናኝባት ነበረች። በዚያው ገበያ በግድ ተይዞ የተሸጠና የወጣም ሰው ብዙ ነው፤ ይህን ሳይጠሩ ስለ ጅማ ንግድ ማውራት ልክ አይመስለኝም። በኋላ ጣሊያን መጣ፣ የየመን ባለሱቅ መጣ፣ ጉራጌው፣ ከምባታው፣ ዳውሮው፣ የሙ መጣ፣ ቡና ለቃሚው በየዓመቱ ይመጣል። ዛሬ ደግሞ ከጅማ ዞን ልጃገረዶች ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ።

ልብ ይበሉ፦ ከሰፈሩ መጀመሪያ የምትሄደው ፍጹም የሌላት ልጅ አይደለችም። ፓስፖርት፣ የደላላ፣ የጉዞ ገንዘብ በሬ ሸጦም ቡና አስይዞም ማምጣት የሚችል ቤተሰብ ያላት ናት። አውሮፓውያንም እንዲሁ ነበሩ። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመትና ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከሃምሳ ሚሊዮን የሚልቅ ሰው ከአውሮፓ ወደ ሌሎች አህጉሮች ሲሄድ ስደቱ የጎላው የመርከብ ዋጋ ሲረክስና ቀድሞ የሄደው ዘመድ ትኬት መላክ ሲጀምር ነው። ስለዚህ «ገቢያቸው ትንሽ ከፍ ቢል ይቀራሉ» የሚለው እቅድ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ይሠራል።

«ቁጥር አይዋሽም»

ቁጥር ላይዋሽ ይችላል፤ ቆጣሪው ግን ይታሰራል። በጃንዋሪ 1937 በሶቪየት ኅብረት የተደረገው ቆጠራ 162 ሚሊዮን ሕዝብ አገኘ። ስታሊን ቀደም ሲል ከዚህ የበለጠ ተናግሮ ነበር፤ በመሀሉ የ1932–33 ረሃብ አልፏል። ቆጠራው ተሰረዘ፣ የመሩት ባለሙያዎች ታሰሩ፣ የተረሸኑም አሉ፣ በ1939 የሚመች ቆጠራ ተደረገ። ሊባኖስ ሥልጣንን በሃይማኖት የከፋፈለችው በ1932 ቆጠራ ላይ ተመሥርታ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቆጥራ አታውቅም፣ ምክንያቱም አዲስ ቁጥር አዲስ ድርድር ይጠይቃል። ኢትዮጵያም ከ1999 ወዲህ አልቆጠረችም፣ አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ ዛሬ የጅማ ሕዝብ ይህን ያህል ነው ተብሎ የሚጻፈው ሁሉ ከዚያ ዓመት ላይ ተነሥቶ የተሰላ ግምት ነው። እንደ ግምት ይያዝ።

«በዚህ ከቀጠለ…»

አይቀጥልም። የዓለም ሕዝብ በዓመት ከመቶ ሁለት በላይ ያደገው በ1960ዎቹ ነው፤ ዛሬ ከመቶ አንድ በታች ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2024 ባወጣው ትንበያ የሰው ልጅ በ2080ዎቹ አጋማሽ 10.3 ቢሊዮን አካባቢ ደርሶ መቀነስ ይጀምራል። አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት የምትወልደው በ2008 ጥናት ከሁለት በታች ነበር፣ 1.8። በኦሮሚያ ግን 5.4። አንድ አገር ውስጥ ጃፓንም ኒጀርም አሉ ማለት ይቀላል፤ በአማካዩ ብቻ የሚያወራ ሁለቱንም ያጣቸዋል።

ወሊድ ቀነሰ ማለት ደግሞ ሕዝብ ወዲያው ቆመ ማለት አይደለም። በጊቤ ቁልቁለት ጭነት የያዘ አይሱዙ ፍሬን ስለያዘ እዚያው ቀጥ አይልም። የነገዎቹ እናቶች ዛሬ ተወልደው ትምህርት ቤት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ብቻ ቢወልዱ እንኳ ብዙ ስለሆኑ ቁጥሩ ለአሥርታት ይጨምራል።

ቀጣዩ ቆጠራ ሲወጣ ጋዜጣው ድምሩን በትልቁ ያትማል። እኔ ቀድሜ የምገልጠው የዕድሜ ሠንጠረዡን ነው፤ ከዚያ ውስጥ የጅማን ዜሮ እስከ አራት ዓመት ረድፍ አምስት እስከ ዘጠኝ ከሚለው ጋር አስተያያለሁ። ፍልሰቱና የሕፃናት በቆጠራ መዘለል ታስቦለት የታችኛው ረድፍ አንሶ ከተገኘ፣ ከተማዋ ለመጪው አሥራ አምስት ዓመት መጨነቅ ያለባት ከአንደኛ ደረጃ ክፍል ይልቅ በሥራና በኪራይ ቤት ነው።